የአባባ ፕራዊሮ አረማመድ

«እኔ'ኮ ፊት አልሣልኩም! ዓይን የለው፣ አፍንጫ የለው፤ መስመር ብቻ ነው። አንቺ ሆን ብለሽ አያቴ ናቸው ካልሽ እኔ ምን ላድርግሽ?»

«ፊት ምን ያደርጋል፣ ኪናንቲ?» ቲያስ ድምጿን ዝቅ አደረገች። ስትናደድ የምትጮኽ ልጅ ብትሆን ኖሮ ለኪናንቲ ይቀላት ነበር። «ዛሬ ጠዋት ከደጃችን ላይ ሕፃናቱ ምን ሲጫወቱ እንደነበር ላሳይሽ?»

መልስ አልጠበቀችም። ከወጣቶች ማዕከሉ በር ተነሥታ በባዶው ወለል ላይ ወደ መስኮቱ ተራመደች። ቀኝ እግሯን አነሣች፣ አሳረፈች። ግራ እግሯን ጎተተች፤ ግማሽ ላይ ስትደርስ ቀጥ ብላ ቆመች፤ አንገቷን ቀና አደረገች፤ ከዚያ የቀረውን ጎተተች። ጥግ ላይ ተቀምጠው የኤሌክትሪክ ገመድ የሚጠቀልሉት ሁለት ልጆች ሳቅ አመለጣቸው። ወዲያው አፋቸውን ያዙ።

«አየሽ?» አለች ቲያስ፣ ወደ ኪናንቲ ዞራ። «እኔም ፊት አልሠራሁም። ማንን እንዳስመሰልኩ ግን ሁሉም አውቋል።»

ኪናንቲ ጠረጴዛው ላይ የተበተኑትን ወረቀቶች መሰብሰብ ጀመረች፤ የተሰበሰቡትን ነበር እንደገና የምትሰበስበው። «አታካብጂ ባክሽ። ሰው የሳቀው ስለወደደው ነው። ደግሞ እሳቸው ራሳቸው እሺ ብለዋል።»

«እንዴት ብለው?»

«እሺ ብለው ነዋ! እሺ ስንት ዓይነት አለው?»

ቲያስ ፊቷን አየችው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በአንድ ዴስክ የተቀመጡ ናቸው፤ አንዷ የሌላዋን ፊት ማንበብ አይቸግራትም።

«አንቺ እዚሁ ሰፈር አይደል እንዴ የተወለድሽው?» አለች። «ይህን ሄደሽ ለአስተማሪሽ ለጋሽ ዳኑ ንገሪው። እሱ የጃካርታ ልጅ ነው፣ ያምንሻል።» ቦርሳዋን አንሥታ ወደ በሩ ሄደች፤ ጫማዋን አጠለቀች። «አያቴ ዛሬ ጠዋት ለልምምዳቸው አልወጡም። ከታመሙ ጀምሮ ሳይወጡ ሲቀሩ ዛሬ የመጀመሪያቸው ነው። በአንድ ምሽት ሙድ ያዝሽባቸውና አስቀረሻቸው።»

በሩን ሳታላትም ዘግታው ሄደች። ገመድ የሚጠቀልሉት ልጆች ራሳቸውን ሳያቀኑ መጠቅለላቸውን ቀጠሉ።

ሥራው የተጀመረው ዝናቡ ካባራ በኋላ ነበር። የጆግጃ ከተማ የብርሃን ሰሞን ሊደርስ ሲል የየሰፈሩ ወጣቶች አንድ አንድ ሥራ እንዲያቀርቡ ተጠሩ፤ ለኮዴ ወንዝ ዳር ልጆች ፊልም ማሳያ እንዲሆን የደረሳቸው ከወንዙ ማዶ ያለው የአሮጌው ስኳር መጋዘን ግድግዳ ነው። መስኮት የለውም፤ ከሰፈሩ ጣሪያዎች ሁሉ በላይ ይታያል። አኒሜሽን እንዲያስተምራቸው የመጣው ጋሽ ዳኑ ጸጉሩን ወደ ኋላ የሚያስር፣ ሲስቅ ጠረጴዛ የሚመታ ወጣት ነበር። ታሪክ አያስፈልግም አላቸው። ንግግርም አያስፈልግም።

«የሰፈራችሁን ሰዎች አረማመድ ብቻ ሣሉልኝ» አለ። «በጥቁር ላይ ነጭ መስመር። አንዱ ሲራመድ፣ ሲራመድ ቆይቶ ወደ ሌላው ሰው ይለወጥ። በቃ። ከተማው በሙሉ ከወንዙ ዳር ተቀምጦ የእናንተን ሰፈር ሲራመድ ይየው።»

ሰውየው በስልክ ይቀረጻል። ከዚያ ከቪዲዮው እያንዳንዷ ቅጽበት ትታተምና ከሥር መብራት በበራለት መስታወት ላይ ትዘረጋለች፤ በላይዋ ስስ ወረቀት ይነጠፍና እርሳስ መስመሯን ይከተላል። ለአንድ እርምጃ ብቻ የወረቀት ክምር ያልቃል። ብዙዎቹ ልጆች ሳምንት ሳይሞላ ሰለቻቸው። ኪናንቲ ግን አልሰለቻትም። የዓሣ ሻጯን አረማመድ ሣለች፤ ሴትዮዋ ሳፋውን በራሷ ላይ ተሸክማ ከወገቧ በታች ብቻ ነበር የምትንቀሳቀሰው። ገና መራመድ የጀመረውን የጎረቤት ሕፃን ሣለች። የፈቀዱላት ሁሉ እየተሽኮረመሙና እየሳቁ ነው የፈቀዱላት፤ ዓሣ ሻጯማ «ቆይ፣ ጥሩውን ቀሚሴን ልልበስ» ብላ ቀሚሱ እንደማይታይ ቢነገራትም ለብሳ መጥታለች።

አባባ ፕራዊሮ ጋ የሄደችው ከዚያ በኋላ ነው።

የቲያስ አያት በጉልምስናቸው የሱልጣኑ የክብር ዘብ ነበሩ። በመውሊድ በዓል ቤተ መንግሥቱ እንደ ተራራ የተቆለለ ምግብ አስጭኖ ወደ ትልቁ መስጊድ ሲሸኝ ከፊት ከሚሄዱት አንዱ እሳቸው ነበሩ። አካሄዱ የራሱ ሕግ አለው፤ በከበሮው ምት እግር ይነሣል፣ አየር ላይ ይቆያል፣ በሌላው ምት ያርፋል። ኪናንቲ ሕፃን ሳለች በእናቷ ትከሻ ላይ ሆና አይታቸዋለች። ከሁለት ዓመት በፊት ስትሮክ ግማሽ ሰውነታቸውን መታቸውና ግራ እግራቸው አልታዘዝ አለ። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ የሚያያቸው በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው፣ ለድምጿ የሚያሳድጓትን ርግብ ቀፎ ከጎናቸው ሰቅለው ነው፤ ሲራመዱ የሚታዩት እንግዳ እስከ አጥሩ ሲሸኙ ብቻ ነው።

ኪናንቲ የተጠበሰ ሙዝ በሳህን ይዛ ሄደች። አጎንብሳ እጃቸውን ግንባሯ ላይ አስነክታ፣ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ ስለ ሥራው ነገረቻቸው።

«ምን ገዶኝ፣ ልጄ» አሉ አባባ ፕራዊሮ ፈገግ ብለው። «ለልጆች ሥራ እምቢ ይባላል እንዴ? ደስ ይለኛል እንጂ።»

ከዚያም የእናቷን ጤና ጠየቋት። ከዚያም ስለ ርግቧ አወሩ፤ ድምጿ ከዝናቡ ወዲህ እንደጎረነነ ነገሯት። ብርጭቆዋ ገና ሙሉ ሳለ ሻይ እንዲጨመርላት ወደ ውስጥ ተጣሩ፤ ሻዩ ተጨመረና ወደ ማስቀመጫው ሳህን ፈሰሰ። ልትሄድ ስትነሣ እሳቸው አልተነሡም። ቆሻሻ ሰብሳቢውን ሳይቀር በከዘራ እየተደገፉ እስከ አጥሩ በር የሚሸኙት ሰው ናቸው። «በሰላም ግቢ» አሏት ከተቀመጡበት።

በዚያ ሰፈር ያደገ ልጅ ይህን ማንም እንዲያብራራለት አይፈልግም። ትልቅ ሰው እንግዳውን ፊት ለፊት እምቢ አይልም። ሙሉው ብርጭቆ ላይ ሻይ ያስጨምራል፤ ስለ ወፍ ያወራል፤ ሳይነሣ ይሰናበታል። እንግዳውም ይገባውና ሁለተኛ አያነሣውም፤ ሁለቱም ሳይዋረዱ ይለያያሉ። ኪናንቲ አጥሩ በር ላይ ሳትደርስ ገብቷት ነበር። ግን ያን ቀን ሌላ ሐሳብ ፈለገችና አገኘች። እግራቸውን አሟቸው ይሆናል የተቀመጡት፣ አለች። ሻዩም ልማድ ነው። እሺ ብለዋል፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ከንጋት ሶላት በኋላ፣ ሰው ተመልሶ ጋደም በሚልባት ሰዓት፣ አባባ ፕራዊሮ ብቻቸውን ወንዝ ዳር ወንዝ ዳር እንደሚለማመዱ ቲያስ ድሮ ነግራታለች። መንገዱ ደግሞ ከኪናንቲ መኝታ ቤት መስኮት ሥር ነው የሚያልፈው። ስልኳን መስኮቱ ጠርዝ ላይ አስደግፋ ቀረጸቻቸው።

ወረቀት ላይ ስታወጣው ነው ነገሩን ያየችው። ግራ እግር ይጎተታል፤ ግን በመሐል ይቆማል። መቆሙ የሕመሙ አልነበረም። ከበሮ የሚጠብቅ ሰው ነው የሚቆመው፤ አንገቱም በዚያችው ቅጽበት ቀና ይላል። የተሰበረው አካሄድ ውስጥ የድሮው ሰልፍ አለ። ኪናንቲ እርሳሷን አስቀምጣ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እንደገና አገላበጠቻቸው። እንዲህ ያለ ነገር በእጇ ወጥቶ አያውቅም።

ጋሽ ዳኑ ወረቀቶቹን ሲያገላብጥ ጠረጴዛውን አልመታም። «ኪናንቲ» አለ ቀስ ብሎ፣ «የፊልሙ ልብ ይኸው። አስፈቅደሻል አይደል?»

«አዎ። እሺ ብለዋል።»

ሙዚቃውን የሠሩት ልጆች እግሩ በተጎተተ ቁጥር የእንጨት ቋቋታ አስገቡበት፤ ቆም ሲል ደግሞ ትንሽ የነሐስ ደወል፣ ጎንግ። በመጀመሪያው ምሽት ያ ፊት አልባ ሰው የመጋዘኑን ግድግዳ ሞልቶ ሲወጣ የወንዙ ዳር ሕዝብ በሳቅ ፈነዳ፤ ጎንጉ ሲመታ አጨበጨበ። ኪናንቲ እናቷ አጠገብ ተቀምጣ ነበር፤ ደስታ ጉንጯን አቃጠላት። ሳቁ ለእሷ የተሰጠ ስጦታ መስሏት ነበር።

ከቲያስ ጋር የተጣላችው በማግስቱ ነው። የዚያኑ ዕለት ምሽት ሁለተኛው ትዕይንት ነበር፤ ኪናንቲ መቅረት ፈልጋ መቅረት አልቻለችም። እናቷ «ምን ሆነሻል? ትናንት እንዲያ ስትፈነጥዢ አልነበር?» ስትላት ጫማዋን አጥልቃ ተከተለቻት።

የሞተር ብስክሌቶቹን ማቆሚያ የሚያስተናግዱት የቲያስ አባት ጋሽ ሱገንግ ነበሩ፤ ፊሽካቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል። ኪናንቲ በሌላ በኩል ልትዞር አሰበች። ግን አይተዋታል።

«ኪናንቲ!» አሉ ሞቅ ባለ ድምፅ። «ጎበዝ ልጅ። አባቴን በደንብ ነው ያየሻቸው። እኔ ልጃቸው እንኳ እንዲያ አድርጌ አላየኋቸውም። አላህ ይባርክሽ።» ፈገግ ብለው ነበር፤ ጭንቅላታቸውንም ዝቅ አደረጉላት፤ ለልጅ የማይደረግ አክብሮት። ከዚያ ፊሽካቸውን ነፍተው ወደሚመጣው ሞተር ሄዱ።

በጥፊ ቢመቷት ይሻላት ነበር። ጥፊ ቢሆን ታለቅሳለች፣ ያልፋል። ይህን ግን የት ታስቀምጠው?

ግድግዳው ላይ ዓሣ ሻጯ ሄደች፤ ሳፋዋ ቀለጠ፤ መስመሮቿ ተበትነው ተሰበሰቡና ረጅሙ ሰው ሆኑ። ቋ። ሕዝቡ ገና ከአሁኑ መሳቅ ጀምሯል፤ ትናንት ያዩት ላላዩት እያሳዩ «አሁን፣ አሁን፣ እየው ሲቆም!» ይላሉ። ከፊቷ የተቀመጠ አንድ ጎረምሳ ተነሥቶ ጓደኞቹ ፊት አስመስሎ ተራመደ። ኪናንቲ የሣለችውን መስመር ሁሉ ታውቀው ነበር፤ የትኛው ቦታ ላይ እርሳሷ እንደተንቀጠቀጠ እንኳ ታስታውሳለች። አሁን ግን ያንን አላየችም። ያየችው በንጋት የቤቶቹን ግድግዳ እየነካ የሚቀጥለውን እርምጃ የሚፈልገውን፣ ማንም እንዳያየው ሰዓት የመረጠውን ሰው ነው። ሦስት ፎቅ የሚያህል አድርጋ አቁማዋለች።

«ማን ነው የሣለው?» አለች ከኋላ አንዲት ሴት።

«የእኔ ልጅ ናት!» አለች እናቷ። ኪናንቲ የእናቷን ቀሚስ ጎተተች፤ እናቷ ግን ያፈረች መሰላትና የበለጠ ሳቀች።

በማግስቱ ትምህርት አልነበረም። ኪናንቲ ምንም ሳትይዝ ወደ አባባ ፕራዊሮ ቤት ሄደች። ሙዝ ለመያዝ አስባ ነበር፤ ሳህኑን ካነሣች በኋላ መልሳ አስቀመጠችው። በረንዳው ባዶ ነው። የርግቧም ቀፎ የለም። ቲያስ በሩን ከፈተች፤ አየቻት፤ ወደ ጎን ሆና አሳለፈቻት፤ ራሷ ወደ ጓሮ ወጣች።

አባባ ፕራዊሮ ከውስጠኛው ክፍል ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ቀፎው ከአጠገባቸው መሬት ላይ ነው።

ኪናንቲ እጃቸውን ግንባሯ ላይ አስነካች። ስትመጣ ያዘጋጀችው ንግግር ነበር፤ ጠፋባት። «አባባ፣ ሳላስፈቅድዎ ነው የሣልኩዎት» አለች።

«አስፈቅደሽ የለም እንዴ?» አሉ። «እኔ ራሴ እሺ ብዬሽ የለ? ምን ጥፋት አለብሽ።»

ድምፃቸው ያው የጥንቱ ድምፅ ነው፣ ለስላሳ። እንኳን ይቅርታ ሊሰጡ፣ የሚጠየቅ ይቅርታ እንዳለም አልተቀበሉላትም። ኪናንቲ ወለሉን አየች። በዚያ በር ተመልሳ ብትወጣ ማንም ምንም አይላትም፤ እሳቸው እንኳ ጥፋት የለም ብለዋል።

«እምቢ እንዳሉኝ ገብቶኝ ነበር» አለች።

ርግቧ ቀፎው ውስጥ ተንፈራገጠች። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው በጣታቸው ቀፎውን ነካ አደረጉ።

«ከየት ሆነሽ አየሽኝ?» አሉ።

«ከመስኮቴ። ከላይ።»

«የእናንተ መስኮት» አሉ፣ ለራሳቸው ያህል። «እሱን አላሰብኩትም። የማየው መንገዱን ነው፤ እንዳልወድቅ። ወደ ላይ ማን ያያል።» ትንሽ ቆይተው፣ «ብዙ ሰው አየው?» ብለው ጠየቁ።

«ብዙ ነው።»

«ሳቁ?»

ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠውን መልስ ታውቀዋለች። ሰፈሩ ውስጥ ያለ ማንኛውም ልጅ ያውቀዋል፤ «ኧረ እንዲያውም፣ አደነቁ እንጂ» ይባላል፤ ሽማግሌውም እንዳመኑ ሆነው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ቃሉ ምላሷ ላይ መጥቶ ነበር።

«ሳቁ» አለች። «አዎ።»

አባባ ፕራዊሮ ግራ እጃቸውን በቀኛቸው አነሡና ጭናቸው ላይ አደላደሉት።

«እኔ ሳልፍ ሰው ዝም ይል ነበር» አሉ። «ሕፃን እንኳ አያለቅስም ነበር።» ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «አሁን ሂጂ፣ ልጄ።»

ሻይ አልመጣም። የእናቷን ጤና አልጠየቁም። እንዲህ ያለ እርቃኑን የወጣ ቃል ከእሳቸው አፍ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። ኪናንቲ ወጥታ ወንዙ ዳር ስትደርስ ነው እንባዋ የመጣው፤ ያለቀሰችው ግን ስላስወጧት አልነበረም። ከዚያ «እሺ» ይልቅ ይኸኛው «ሂጂ» በእውነት ለእሷ የተነገረ ቃል ነበር።

ጋሽ ዳኑን ወጣቶች ማዕከሉ ውስጥ አገኘችው። ላፕቶፑ ተከፍቷል፤ ልጆቹ ዙሪያውን ከበው ባክሶ የሚሉትን የሥጋ ድብልብል ሾርባ ይጠጣሉ። ሁሉም ሞቅ ሞቅ ብሏቸዋል፤ ዛሬ የመጨረሻው ምሽት ነው፤ ከሲንጋፖር የሚመጡ እንግዶች ለራሳቸው ከተማ በዓል የሚወስዱትን ሥራ የሚመርጡት ዛሬ ነው። ከተመረጡ ሠዓሊዎቹም አብረው ይሄዳሉ ተብሏል። ኪናንቲ ከጆግጃ ወጥታ አታውቅም።

«ነይ፣ አርቲስቷ!» አለ ጋሽ ዳኑ። «ቀጭን ኑድል ነው ወይስ ወፍራም?»

«ጋሽ ዳኑ፣ የአባባ ፕራዊሮን አረማመድ ማውጣት እፈልጋለሁ።»

ማንኪያው አፉ ጋ ቀረ። «የምን ማውጣት?»

«ከፊልሙ። እንዳይታይ።»

«ተጣላችሁ እንዴ ከቲያስ ጋር? ስሚ፣ የቤተሰብ ቅሬታ ሁልጊዜ አለ። ግን ሰውየው ራሳቸው ፈቅደዋል አልሽኝ።»

«እሺ ብለዋል።»

«እሺ ካሉ እሺ ነው!»

«እኛ ሰፈር እንደዚያ አይደለም» አለች ኪናንቲ። ልጆቹ መጠጣታቸውን አቁመው ነበር፤ ሁሉም የሰፈሩ ልጆች ናቸው፤ ከአሁኑ ጀምሮ የምትለውን ሁሉ ቤታቸው ይዘውት እንደሚገቡ ታውቃለች። ጆሮዋ ጋለ። «ሻይ አስጨመሩልኝ፤ ሲሸኙኝ አልተነሡም። ገብቶኝ ነበር። እምቢ ማለታቸው እንደሆነ እያወቅሁ ተደብቄ ቀረጽኳቸው። ለአንተ ደግሞ ፈቀዱ ብዬ ነገርኩህ።»

ከልጆቹ አንዱ «ወይኔ…» ብሎ ሾርባው ላይ አቀረቀረ።

ጋሽ ዳኑ ሳህኑን አስቀመጠ። «ሙዚቃውን እናንሣው» አለ። «ቋቋታውን ካወጣነው ሰው አይስቅም። ሥዕሉ ብቻውን ክብር አለው፤ አንቺም ታውቂዋለሽ። ሰው ዝም ብሎ ያየዋል።»

ይህ ጥሩ ሐሳብ ነበር። እውነትም ነበር። ኪናንቲ ለአንድ አፍታ ግድግዳውን በዓይነ ኅሊናዋ አየችው፤ ያን ረጅም ሰው፣ ከበሮውን ሲጠብቅ፤ ዝም ያለውን ሕዝብ። ለእሳቸውም ካሳ ይሆን ነበር ልትል ትችላለች። ልክ እንደ መጀመሪያው ቀን፣ ፈልጋ የምታገኘው ሐሳብ ነው።

«አይሆንም» አለች። «አልፈቀዱም።»

«ባዶ ይሆናል'ኮ! ከዓሣ ሻጯ ወደ ሕፃኑ መሻገሪያው እሳቸው ናቸው። እስከ ምሽት ሌላ መሣል አይደርስም። እንግዶቹ ፊት ግድግዳው ጨለማ ሆኖ ሊቆም ነው።»

«ይቁም።»

«የሌሎቹም ሥራ ነው፣ ኪናንቲ። ያንቺ ብቻ አይደለም።»

ይህ እውነት ስለሆነ ልጆቹን ማየት ነበረባት። ተራ በተራ አየቻቸው። ሙዚቃውን የሠራው ልጅ ትከሻውን ሰበቀ። «ቋቋታውን ያስገባሁት እኔ ነኝ» አለ። «ይውጣ በቃ።» ሌላው ግን «አንቺ ባጠፋሽ እኛ ሲንጋፖር አንሄድም ማለት ነው? አሪፍ ነው!» ብሎ ሳህኑን ይዞ ወጣ። የተናገረው ስህተት የለበትም።

ጋሽ ዳኑ ወንበሩን ለቀቀላት። «እኔ አልሰርዘውም» አለ። ተቆጥቶ ነው ወይስ አዝኖ፣ አልለየችም።

ላፕቶፑ ፊት ተቀመጠች። ሥዕሎቹ ተደርድረዋል፤ በትንሹ ሲታዩ ሰው አይመስሉም፤ የጉንዳን ሰልፍ ነው የሚመስሉት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መረጠቻቸው፤ ሰረዘቻቸው። ሙዚቃውንም ልጁ ከጎኗ ጎንበስ ብሎ ቆረጠው።

ምሽት ከመግሪብ ሶላት በኋላ የወንዙ ዳር ሞላ። ምንጣፍ የያዘው ምንጣፍ አነጠፈ፣ ያልያዘው ነጠላ ጫማው ላይ ተቀመጠ። በእንጨት የተሰካ የሳቴ ጥብስ ሻጮች ከሰላቸውን ያራግባሉ። ቲያስ ከታች፣ ከደረጃው አጠገብ፣ ለእንግዶቹ የታሸገ ውኃ ስታድል ኪናንቲ አየቻት። ቲያስም አይታታለች። የመጣው ሁሉ ስለ ሽማግሌው ሰምቶ ነው የመጣው፤ ከግራም ከቀኝም «ቆይ፣ የሚያስቀው ገና ነው» ይባላል።

ዓሣ ሻጯ ሄደች። ሳፋዋ ቀለጠ፤ መስመሮቿ ተበተኑ። ከዚያ ግድግዳው ጠቆረ።

የወንዙ ድምፅ ተሰማ።

«ጄኔሬተሩ ነው!» አለ አንዱ።

«ገመዱን ማነው የረገጠው? እግርህን አንሣ አንተ ወፍራም!»

«ሂሳብ አልከፈሉም መሰለኝ!» ሳቅ ሆነ። አንድ ሰው አፏጨ፤ ሌሎችም ተከተሉት። እንግዶቹ ከፊት ወንበር ላይ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ጋሽ ዳኑ እጆቹን በብብቱ ከቶ ከፕሮጀክተሩ አጠገብ ቆሟል።

«እማ፣ ያ ሽማግሌ የታል?» ብሎ አንድ ሕፃን በከፍተኛ ድምፅ ጠየቀ። «ሽማግሌው አይመጣም?»

«ተበላሽቷል፣ የኔ ጌታ» አለች እናቱ።

የኪናንቲ እናት ወደ ልጇ ጎንበስ አለች። «ምን ሆነ? ያንቺው ነው አይደል የጠፋው? ሂጂና ንገሪያቸው እንጂ!»

«ቤት እነግርሻለሁ» አለች ኪናንቲ።

ጨለማው ከምትገምተው በላይ ረዘመ። ፉጨቱ እየበዛ፣ እየበዛ ሄዶ ራሱ ደከመው። ከዚያ ከጨለማው ውስጥ፣ ከየትም ሳይመጣ፣ ሕፃኑ ብቅ አለ፤ ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ ሊወድቅ ሊወድቅ እያለ፣ ሳይወድቅ። ሕዝቡ «እሰይ!» ብሎ አጨበጨበ። ጨለማውን ወዲያው ረሳው።

መድረክ መሪው ማይክሮፎኑን ነካ ነካ አደረገና የወንዝ ዳር ሰፈር ሠዓሊዎች ወደ መድረክ እንዲወጡ ጠራ። ልጆቹ እየተገፋፉ ተነሡ። የኪናንቲ እናት ፎቶ ለማንሣት ስልኳን ስትፈልግ ቦርሳዋ ውስጥ አቀርቅራ ነበር።

ኪናንቲ ተነሣች። መድረኩ በስተቀኝ ነው፤ እሷ ወደ ግራ፣ ቲያስ ወዳለችበት ደረጃ ዞረች። በተቀመጡ ሰዎች ፊት ቀጥ ብሎ ማለፍ ነውር ነውና ጎንበስ አለች፤ ቀኝ እጇን ከጉልበቷ በታች ዘርግታ፣ በምንጣፎቹ መሐል መንገድ እየፈለገች ሄደች። «ይቅርታ» አለች ለአንዲት አሮጊት። «ይቅርታ» አለች ጥላ ለያዙ ሰውዬ። «ይቅርታ፣ ይቅርታ።» ሰዎቹ ዓይናቸውን ከመድረኩ ሳያነሡ እግራቸውን ሰብሰብ አደረጉላት።